እሳት ያየው ጉንጉን

ከዓርብ ገበያ ወጣ ብሎ ካሉት ጓሮዎች የዓለሚቱን የሚያህል የለም ይባላል፤ ባይዋ ራሷ ዓለሚቱ ናት። ስድሳን ዘልላለች፣ ባሏን ቀብራለች፣ ልጅ የላትም። ያላት ነጭ ሽንኩርት ነው። አገዳው ሳይደርቅ፣ ገና እንደ ጠፍር ሲተጣጠፍ ትነቅልና እዚያው ጓሮ ላይ ተቀምጣ እንደ ሹሩባ ትጎነጉነዋለች። ሌላዋ ሴት በሦስት አገዳ፣ እሷ በአምስት። ገበያ ላይ ያየው ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። የባላባት ሥርዓት ከአገር ጠፋ ያለ ሰው ያቺን ጓሮ አላየም።

ችግሩ፣ በዚያ አገር ዘር አይከለከልም። ጎረቤት ደጅ ቆሞ ዘር ከለመነ፣ የነፈገው ሰው መሬት ይነጥፋል። ዓለሚቱ እግዜርን ስለምትፈራ አትነፍግም። የምትሰጠውን ጉንጉን ግን አስቀድማ ከፍሙ ዳር ታንጠለጥለዋለች፤ ልጣጩ ሳይነካ ልቡ እስኪሞት። ከዚያ መርቃ ትሰጣለች። የወሰደችው ሴት ተክላ አንድ ቅጠል ስታጣ የራሷን እጅ ትረግማለች። በዝባዥ የሚኖረው የተበዘበዘው ራሱን ስለሚከስ ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ጎረቤቷ ፈትለወርቅ ለምናት ሁለት ጉንጉን ወሰደች። አንዱን በሰኔ ተከለች፤ ምንም አልወጣም።

በፍልሰታ ዓለሚቱ ቤቷን ቆልፋ ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ገባች። ስለ ምን እንደጸለየች አይታወቅም፤ ስለ ጣሪያዋ ግን አልነበረም። ስትመለስ ቆርቆሮው አፍስሶ፣ ከቆጡ የሰቀለችው ዘር በሙሉ ሻግቶ እጇ ላይ ፈረሰ። ያ ዘር ከጠፋ ዓለሚቱ አንዲት አሮጊት ብቻ ናት። መንደሩ ሰምቶ አዘነላት፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር።

በመስከረም ፈትለወርቅ ባለ አምስቱን ጉንጉን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ይኼኛውን ሳልተክለው አስቀመጥሁት። የእኔ እጅ አይረባም። የእርስዎው ዘር ነው፣ በእርስዎ እጅ ይሁን።»

ዓለሚቱ ጉንጉኑን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ፈትለወርቅ ደስታ መስሏት መቆፈሪያ አንሥታ መደቡን ትቆፍርላት ጀመር። ዓለሚቱም እንደ ደኅና ዘር ፈልቅቃ፣ ፍሬ በፍሬ፣ ሬሳ በሬሳ፣ አፈር እያለበሰች ቀበረችው። ጎረቤቶቹም በአጥሩ ላይ አሻግረው እያዩ እጇን መረቁላት።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ፈትለወርቅ በየማለዳው ውኃ ይዛ ትመጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ጎንበስ ብላ አንዷን ፍሬ አወጣችና በጥፍሯ ሰነጠቀቻት። መሐሏ እንደ ቆሎ ቡናማ ነው። አሸተተቻት።

«ይኼ እኮ የተጠበሰ ነው» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። «እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ እጄን ነው የረገምሁት?»

ዓለሚቱ ሱባኤ ላይ ጉልበቷን እንዳመማት፣ ጣሪያው መታደስ እንዳለበት ተናገረች። ፈትለወርቅ የተሰነጠቀችውን ፍሬ መዳፏ ላይ አኖረችላትና ሄደች። እስከ ማታ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያልሰማ ጎረቤት አልቀረም።

አሁን ዘር የሚለምናት የለም፤ ስለዚህ አልነፈገችም። ዓርብ ዓርብ ግን ከሻጮቹ ፊት ትቆምና፣ አገዳው የተቆረጠ ድቃቂ ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ትገዛለች። ጣቶቿ በፌስታሉ ጆሮ ላይ እየተመላለሱ የሌለ አገዳ ይጎነጉናሉ።