ትል በደርዘን

የልጄ መምህርት በቴሌግራም መልእክት ላኩ፦ «ልጆች በግቢያቸው አትክልት ውስጥ ያሉ ትናንሽ ፍጥረታትን በጥንቃቄ ይዘው ይመልከቱ፤ ያዩትንም ሰኞ ይንገሩን።» የምንኖረው ከመሳለሚያ ገባ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። አትክልት የምንለው ቧንቧው አጠገብ የተደረደሩ የቀለም ጣሳዎችን ነው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ማን እንደተከለው የማይታወቅ አንድ የቲማቲም ችግኝ።

ባለቤቴ መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነው። ገበያ ውስጥ የማይገኝ ነገር አለ ብሎ ማመን ሃይማኖት የመካድ ያህል ይከብደዋል። ወዲያው ለአንድ ወዳጁ ደውሎ፣ «ትል ታገኝልኛለህ?» አለው።

መልሱ ለእኔም ተሰማኝ። «በደርዘን ነው በካርቶን?»

ማታ የጎማ ትል ይዞ ገባ። ልጄ አገላብጣ አየችውና፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ አይንቀሳቀስም» አለችው።

«ኦሪጅናል ነው ብሎኝ እኮ ነው!» አለ፣ ከልቡ ተናዶ።

እሁድ ጠዋት ራሷ አንዱን ጣሳ ብድግ አደረገችው። ከሥሩ፣ እርጥቡ አፈር ላይ፣ አንድ ቀንድ አውጣና የተጠማዘዘ የምድር ትል ነበሩ። እኔ ጮህኩ። ጩኸቴን የሰሙት ጎረቤታችን እትዬ የበረሮ መርጫ ይዘው ደረሱ።

«ዞር በሉ፣ ልርጨው!»

«እትዬ፣ እንዳይረጩት! ሊይዙት ከፈለጉ መጀመሪያ እጅዎን ያርጥቡ» አለች ልጄ።

«እኔ? ልይዝ?» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ልጄ እጇን በውሃ አርጥባ፣ ቢወድቅም እንዳይጎዳ ቁጢጥ ብላ፣ ትሉ መዳፏ ላይ በራሱ ጊዜ እንዲወጣ ጠበቀችው። በሶብላው ላይ ያለውን አባጨጓሬ ግን አልነካችውም። «ይሄ በዓይን ብቻ። ፀጉሩ ያሳክካል» አለችን። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ተራህ ነው።»

ባለቤቴ ከአይሱዙ ሹፌሮች ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ዕቃውን የሚያስወርድ ሰው ነው። አሁን ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ።

«ይነክሳል?»

«ጥርስ የለውም፣ አባዬ።»

«አፉን ከፍተሽ አይተሻል?»

ትሉ መዳፉ ላይ ሲንቀሳቀስ መተንፈስ አቆመ። ግቢው በሙሉ ወጥቶ ከቦታል፤ አንዷ ጎረቤታችን በስልኳ ትቀርጻለች።

«አትጭመቀው» አለች ልጄ።

«የተጨመቅኩትስ እኔ!»

ቀስ ብሎ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያ ሌላውን። «ቀዝቀዝ ይላል» አለ፣ ለደንበኛ ቀርቶ ለእኔም አውጥቶት በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ።

ትሉን ወደ አፈሩ መለሱትና እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ባለቤቴ እስከ ክርኑ ታጠበ። ምንም ያልነኩት እትዬ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታጠቡ።

በሳምንቱ አጋማሽ ከሥራ ስመለስ እትዬን ጣሳዎቹ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። «ደህና ዋሉ?» ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

«ዝም በይ፣ ቀንዱን እያወጣ ነው።»