ጨረቃ የጠበቅንበት የመኪና ማቆሚያ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ባለፈው ሳምንት ግን ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ምግብ ቤት በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ስልካቸውን ያሳያሉ፣ ሌላኛው ሰማዩን። ረመዳን በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ ነበር ሙግቱ። አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ፤ እኔ እየሳቅኩ ቆሜ ቀረሁ። ቤት እንደገባሁ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የእኔም ሁለት አጎቶች እንዲህ ነበሩ። ታላቅየው ጋሼ ሰይድ ሳን ሆዜ ይኖሩ ነበር፤ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱበት ነጭ ቫን ነበራቸው። ታናሽየው ጋሼ ይማም ኦክላንድ ናቸው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ከወሎ ስመጣ የተቀበሉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ወንድማማቾቹ በጣም ይዋደዳሉ፤ አንዱን ጉንፋን ቢይዘው ሌላው ያስላል። ኢድን ግን አሜሪካ ከገቡ ወዲህ አብረው በልተው አያውቁም ነበር። ጋሼ ሰይድ፣ ጨረቃዋ መካ ላይ ታየች ከተባለ በቃቸው፤ በማግስቱ ያከብራሉ። ጋሼ ይማም ደግሞ እዚሁ፣ በዚሁ ሰማይ ላይ፣ በዓይን ካልታየች ጾማቸውን አይፈቱም። ስለዚህ አንዱ ሲበላ ሌላው ይጾማል።

እኔ በመጣሁ በዓመቱ ነገሩ ከበደ። ጋሼ ሰይድ ጉልበታቸው ደክሞ፣ ቫኑን ሸጠው ሚኒሶታ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊሄዱ ሆነ። ትኬታቸው የተቆረጠው የእሳቸው ኢድ በዋለ ማግስት ጠዋት ነው። የጋሼ ይማም ኢድ እንደልማዱ በአንድ ቀን ከዘገየ፣ ያን ቀን ወንድማቸው አውሮፕላን ላይ ናቸው።

ጋሼ ሰይድ እኛ ቤት መጥተው ያፈጠሩ ለታ፣ ገበታው ላይ ሆነው ጀመሩት።

«አያ፣ አንድ ቀን አዘግየው» አሉ ጋሼ ይማም።

«ትኬቱን ነው ኢዱን?»

«ሁለቱንም።»

«ዓለም ሁሉ አየናት ሲል አንተ ብቻ አላየሁም ትላለህ። መነጽርህን ለምን አትቀይርም?»

«ዓለም ሁሉ ለእኔ አይጾምልኝም።»

እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ «አብራችሁ ሄዳችሁ ለምን አታይዋትም?» አልኩ። ሁለቱም ዞሩ። ደነገጥኩና ቧንቧውን ይበልጥ ከፈትኩት።

«እቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?» አሉ ጋሼ ሰይድ። «ዓይንሽ እንዴት ነው? የእኛ እንደሆነ አልቋል።»

«ለሰፈራችን ሴቶች መርፌ ላይ ክር የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በነጩ ቫን ወጣን። ጋሼ ሰይድ ያን ዕለት ቀትር ላይ፣ ነገ ኢድ ነው የሚለውን ዜና በስልካቸው ሰምተው ጨርሰዋል፤ የቀረው የታናሽየው ዓይን ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ቴምር፣ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ሱሁር የሚሆንም ምግብ ጫኑልን። «ጭጋግ ከመጣ በሌሊት እንዳትመለሱ፤ ተራራው ላይ መንገዱ ጠምዛዛ ነው» አሉ። ረጅሙን ድልድይ ተሻገርን። ጊዜው ፀደይ ስለነበር ኮረብታው አረንጓዴ ነው፤ በመንገዱ ዳር ቢጫ አበባ ሞልቷል። የምንሄድባት ከተማ ሃፍ ሙን ቤይ ትባላለች። ጋሼ ሰይድ ትርጉሙን ነገሩኝና፣ «ስሟ ግማሽ ጨረቃ የሆነ አገር ሄደን ክር የምታህል እንጣ?» ብለው መሪውን በመዳፋቸው መቱት።

እኔ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። ውሃ ማለት ለእኔ ማዶው የሚታይ ነገር ነበር። ይኼኛው ማዶ የለውም። ባህሩ ዳር ካለው የመኪና ማቆሚያ ጫፍ ቆሜ ዓይኔን ብሰድ ብሰድ የሚያርፍበት አጣሁ። የባህር ሣር ይሸታል። ከፍሎ ማደር የሚቻልበት ቦታ ስለነበር፣ አልጋ የተነጠፈባቸው ቫኖች ተደርድረዋል፤ ከማዕበሉ የወጡ ልጆች ጥቁር የጎማ ልብሳቸውን እየታገሉ ያወልቃሉ።

እኛ ሦስታችን ተሰልፈን ወደ ምዕራብ አፈጠጥን። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤት ቫን ባለቤት፣ ጢማቸው የሸበተ ሰውዬ፣ ሩቅ የሚያሳይ ባይናኩላር ይዘው መጡ። ዓሣ ነባሪ ያየን መስሏቸው ነው። «ዌል?» አሉኝ። «ኖ። ሙን» አልኩ። ሳቁና ሚስታቸውን ጠሩ፤ ሌሎችም መጡ። ምን እንደሚፈለግ የሚያውቀውም የማያውቀውም አብሮን አንጋጠጠ።

ፀሐይ ጠለቀች። በቴምር አፈጠርን፣ ሰገድን፤ ያኔ ጭጋጉ ከባህሩ ላይ ተነሳ። እንደ ታጠበ አንሶላ እየተጎተተ መጣ። ስልኩ ጮኸ፤ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

«ልጣድ ወይስ አልጣድ?»

«ቆይ!» አሉ ጋሼ ይማም።

«የኢዱ ሥጋ ተከትፎ አልቋል እኮ!»

«ቆይ አልኩሽ፣ አትዝጊው!»

በዚህ መሃል ጭጋጉ አንድ ቦታ ላይ ተቀደደ። «ዘሃራ! እዚያጋ!» አሉ ጋሼ ይማም። ባይናኩላሩን ተቀበልኩ። የጋሼ ሰይድ እጅ ትከሻዬን ያዘ። እሳቸው እንኳ ጨረቃዋ አታስፈልጋቸውም ነበር፤ ግን አጥብቀው ያዙኝ። በቀዳዳው ውስጥ ነጭ፣ ቀጭን ነገር አየሁ። ዝቅ ሲል ግን የደመናው ጠርዝ ነበር። ዞር ብዬ ጋሼ ይማምን አየኋቸው። አፌን ነው የሚያዩት። እኚህ ካላየሁ አላምንም የሚሉ ሰው፣ አየሁ በይኝ እያሉ በዓይናቸው ሲለምኑ ያን ቀን አየሁ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትቀረው።

«አላየሁም፣ ጋሼ» አልኩ።

ቀዳዳው ተዘጋ። የጋሼ ሰይድ እጅ ቀስ ብሎ ከትከሻዬ ወረደ። ጋሼ ይማም ስልኩን አነሱና «አትጣጂ» አሉ።

ሾርባውን ጠጣን። መንገዱ በጭጋግ ስለተዘጋ እዚያው አደርን፤ እኔ ከኋላ ረጅሙ ወንበር ላይ፣ እነሱ ከፊት። ብርድ ልብሱ የእትዬ ዘይነባን ጓዳ ይሸታል። ባህሩ ዝም አይልም። ባጠፋሁት ጥፋት ሳይሆን ባላጠፋሁት እያፈርኩ ተኛሁ፤ እንዲህ ያለ እፍረት እንዳለ አላውቅም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ምድጃው ሲንሾካሾክ ነቃሁ። ጋሼ ሰይድ፣ ጾማቸውን የጨረሱት ሰውዬ፣ በካልሲ ተንበርክከው ሱሁር ያሞቃሉ።

«ተነስ፣ ሰዓቱ ሊያልፍብህ ነው» አሉ ወንድማቸውን።

«አንተስ?»

«እኔ ዛሬ ኢዴ ነው። ብላ አንተ።»

ጋሼ ይማም በሉ። ማንኪያውን አንስተው ብዙ ቆዩ፣ ግን በሉ። ጋሼ ሰይድም እስኪጨርሱ ድረስ፣ የልጅ እናት እንደምታደርገው፣ ሳህኑን ያዙላቸው።

ፀሐይ ከኮረብታው በላይ ስትወጣ ጋሼ ሰይድ ምንጣፋቸውን ሣሩ ላይ አነጠፉ። ለብቻቸው ኢድ ሊሰግዱ ነው። ጋሼ ይማም ከቫኑ ወርደው ተከተሏቸው።

«አያ፣ ከኦክላንድ እዚህ ምን ያህል ይሆናል?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«ሙሳፊር ነኝ። መንገደኛ ጾም ቢፈታ ይፈቀድለታል፤ ሌላ ቀን እከፍለዋለሁ።»

«ይቺም መንገድ ሆና!»

«ድልድዩን አትርሳ። ተራራውንም ቁጠር።»

ጋሼ ሰይድ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ሰላቱንስ ምን ልታደርገው ነው?»

«ለአንተ የኢድ ይሁን፣ ለእኔ የዱሃ» አሉ ጋሼ ይማም። ዱሃ በማንኛውም ቀን ረፋድ ላይ የሚሰገድ ትርፍ ሰላት ነው። «ከኋላህ እቆማለሁ።»

ቆሙ። እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። ጎረቤታችን የቡና ኩባያቸውን ይዘው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሲያበቃ ጋሼ ሰይድ ከፔርሙሱ ሻይ ቀድተው ለወንድማቸው አቀበሉ፤ ጋሼ ይማም «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። ከዚያ ተቃቅፈው፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ሲመታ ብዙ ቆዩ። ለጎረቤታችን ቀዝቃዛ ሳምቡሳ ወሰድኩላቸው። «አገኛችኋት?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «ገና ነው» አልኳቸው።

ወደ ቫኑ ስንገባ ጋሼ ይማም ስልካቸውን አነሱ።

«ዘይነቡ፣ ጣጂ።»

«ታየች እንዴ?»

«አልታየችም። ጣጂ ነው የምልሽ።»

አንዳንዴ፣ ያኔ አየሁ ብል ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ያው አብረው ይበሉ ነበር፣ ይስቁም ነበር። ግን ታላቅየው በካልሲ ተንበርክከው ለታናሽየው ጾም ምግብ ሲያሞቁ አላይም ነበር። ታናሽየውም ድልድይና ተራራ ሲቆጥሩ አልሰማም ነበር። ደስታው ከእኔ አፍ ይመጣ ነበር፤ አሁን ግን ከራሳቸው መጣ።

ጋሼ ሰይድ አሁን ሚኒሶታ ናቸው። ስኳር ዓይናቸውን አድክሞታል፤ ስልካቸውን ራሳቸው ማንበብ አይችሉም። ትናንት ደወሉልኝ። ስለ ብርዱ፣ በእንግሊዝኛ ስለሚመልሱላቸው የልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩኝ ቆዩና ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዘሃራ፣ ልጄ ዜናውን እያነበበ ታየች ሊለኝ ነው። ዘንድሮ ግን የአንቺን ነው የምጠብቀው። ካየሽ ደውይልኝ። ካላየሽም ደውይልኝ።»