የአባባ ሲዮኔ ካፋ

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን፣ ካምደን ውስጥ አንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን የሚዘጋጅበት አዳራሽ በር ላይ ስደርስ፣ ዝናብ የመታው ጆንያ የመሰለ ሽታ ተቀበለኝና እግሬ እዚያው ቀረ። በባልዲ የጨው ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ የኮኮናት ቃጫ ነበር። የልጅነት ጎረቤታችን የአባባ ሲዮኔ የልጅ ልጅ ሜሌ፣ አያቷ ይሠሩት በነበረው የትውልድ ደሴታቸው የቶንጋ ገመድ ለኤግዚቢሽኑ ሦስት ግንዶችን ያለ አንድ ምስማር አስራ ልታቆም ቆርጣ ተነሥታለች። ገመዱ ግን እጇ ላይ እየተፈታ አስቸግሯት ድረሺልኝ ብላ ደወለችልኝ። ካልሆነላት የፋብሪካ ገመድ ልትገዛ ነው፤ ያኔ የአያቷ ነገር አበቃ።

እኔ ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ስትሪትሃም፣ ከሱቆች በላይ ባለ ፍላት ነበር። አባባ ሲዮኔ ከእኛ በታች ነበሩ፤ ገና ፀሐይ ብልጭ ሲል ወንበራቸውን ደረጃው ሥር አውጥተው፣ የሱሪያቸውን እግር እስከ ጭናቸው ጠቅልለው፣ ቃጫውን በመዳፋቸው ጭናቸው ላይ እያሹ ሲያከሩ ይውላሉ። አንድ ሽማግሌ ጭኑን ገልጦ አደባባይ መቀመጡ ያሳፈራት እናቴ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ታልፋለች። አንድ ቀን ግን አላስቻላትምና በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ገመዱን ከፍ አድርገው “ካፋ” አሏት፤ በቋንቋቸው የገመዱ ስም ነው። እናቴ የሰማችው ግን “ከፋ” የሚለውን ነበር።

“እኚህ ሰው ከፍቷቸዋል” አለችን ሽቅብ ወጥታ። “አማርኛውን ከየት እንዳገኙት እንጃ እንጂ በገዛ አፋቸው ነገሩኝ። ነገም ወርጄ ቼክ አደርጋቸዋለሁ።”

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት። ትኩስ ዳቦ ይዛ ወረደች፤ ደግማ ብትጠይቃቸው ያንኑ ስላሏት ኀዘናቸው የጠና መሰላትና የቸርቻችንን እናቶች ሰብስባ ልታስጸልይላቸው ሄደች። አባባ ሲዮኔ ግራ ቢገባቸውም አንገታቸውን ደፍተው አሜን አሉ፤ ጸሎቱ ሲያበቃ ደግሞ ደረጃውን በሚያናውጥ ድምፅ በአገራቸው ቋንቋ መንፈሳዊ መዝሙር አወጡና እናቶቹን በተራቸው አስለቀሷቸው። እናቴ ነገሩ የተገለጠላት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሆዷን ይዛ ሣቀች፤ ዳቦው ግን አልቀረም።

በዚህ መሀል ነው ገመዱን የለመድኩት። ቁምጣ ለብሼ አጠገባቸው እቀመጥና ጭኔ በርበሬ እስኪመስል አሻለሁ። አሮጌው ሳይሳሳ አዲሱን ቃጫ አስገቢ ይሉኛል፤ ከዘገየሁ ጎትተው ይበጥሱትና ከት ብለው ይሥቃሉ። ሜሌ ነፍስ ስታውቅ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ለእሷ ማሳየት አልቻሉም።

ቅዳሜ ዕለት እኔም በተራዬ ሱሪዬን ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። መዳፌ አልረሳውም። የሜሌም ችግር ወዲያው ታየኝ፤ አዲሱን የምትቀጥለው አሮጌው ካለቀ በኋላ ነበር። ከቀትር በኋላ አብረን ባከረርነውና በጎነጎንነው ገመድ ከሦስቱ ግንዶች ሁለቱን አሰረችና በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ያዘ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጨፈርን።

የጫፉን አቋጠር ግን አላውቀውም። ሁልጊዜ የሚቋጥሩልኝ እሳቸው ነበሩ፤ እጃቸው ፈጣን ስለነበር ዓይኔ አልያዘውም። ዛሬ እሳቸውም እናቴም የሉም፤ ያንን ቋጠሮ የምጠይቀው ሰው ለንደን ውስጥ አላውቅም። ይህንኑ ለሜሌ ነገርኳት።

እሷ ገመዱን ከእጄ ተቀብላ ትንሽ አየችው።

“እንግዲያው ቶንጋ ሄጄ የሚያውቅ ሰው እስካገኝ ጫፉ ሳይቋጠር ይቆይ” አለችኝና ተዘፍዝፎ ከደረቀው ቃጫ ሌላ እፍኝ አቀበለችኝ።