ዳሌ ሥር የሚገባው ጥቅል

እውነቱን ልናገር፤ የሥራ ባልደረባዬን «ጥቅሌ»ን አልወዳትም ነበር። ስሙን ያወጡላት የቀዶ ጥገና ክፍሉ ሰዎች ናቸው። ነፍሰ ጡር ጠረጴዛው ላይ በወጣች ቁጥር ጥቅሌ አንሶላ ጠቅልላ በሴትየዋ ቀኝ ዳሌ ሥር ትሸጉጣለች። የነፍሰ ጡሯ ሆድ ወደ ግራ ዘንበል ካላለ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፤ የእናትየው የደም ግፊት ይወርዳል፤ ለጽንሱም ደም ያንሰዋል። ይህን እኔም አውቃለሁ። ማደንዘዣ በመስጠት በስድስት ዓመት እቀድማታለሁ፤ መርፌ አያያዝ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። ግን ከባድ ነገር ሲመጣ «ጥቅሌ የት አለች?» ነው የሚባለው። ቅናቱ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ እህቴ ትርፍ አንጀት ታማ መጣች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ያውም ከአራት ዓመት ጥበቃ በኋላ። ማደንዘዣውን እኔ ልስጥ አልኩ።

«እትዬ፣ ለገዛ እህትሽማ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለች ጥቅሌ። «እኔ ልሥራ፤ አንቺ እጇን ያዢላት።»

ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ። የጽንሱን የልብ ምት አዳመጠች፤ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መርፌ በአንድ ሙከራ ወጋች፤ ጥቅሏን ሸጎጠች። እህቴ እጇን ለእኔ ሰጥታ ዓይኗን ከጥቅሌ ላይ አልነቅል አለች።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም «ሆዷ ዘመመብኝ» ብሎ አጉረምርሞ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ጥቅሌ መድኃኒት ልትቀዳ ዞር ስትል ጥቅሉን ጎትቼ አወጣሁት። ለሐኪሙ አዝኜ አይደለም። ያለ እሷ ጥቅል ምንም እንደማይሆን ላሳይ ብዬ ነው።

ብዙም አልቆየ። እህቴ «አጥወለወለኝ» አለች፤ ከንፈሯ ነጣ፤ የግፊት መለኪያው ጮኸ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ጥቅሌ አንሶላውን እጄ ላይ አየችው። ነጥቃ መልሳ ሸጎጠችው፤ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ሰጠች። ሐኪሙ ሮጦ ገባ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ጥቅሉን በደንብ አላጠበቅሁትም ነበር፤ ተንሸራተተ» አለች።

ሐኪሙ በሁሉም ፊት የቁጣ ናዳ አወረደባት። እኔ የእህቴን እጅ መልሼ ያዝኩ። ግፊቱ ተመለሰ፤ ቀዶ ጥገናው አለቀ፤ የጽንሱም ልብ ደህና ይመታ ነበር።

ኮሪደር ላይ «ለምን ዋሸሽልኝ?» አልኳት።

«እህትሽ ነቅታ ትሰማ ነበር እኮ። የያዘችው ደግሞ ያንቺን እጅ ነው።»

ይህን በማሰቧም ቀናሁባት። ልጁ በጤና ተወለደ። እህቴ እስከ ዛሬ ጥቅሌን «ያቺ ልጄን ልትገድልብኝ የነበረችው» ትላታለች፤ እኔም አላረምኳትም።