አክስቴ የቀመሱት ውሃ

አክስቴን ሳስብ ጣሳቸው ነው የሚታየኝ። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ወጌሻ ነበሩ። ከወንጂ የሚመጡትን አገዳ ቆራጮች ወገብ አሽተው ሲጨርሱ፣ ጣሳ ሙሉ ውሃ ሳያጠጡ አያሰናብቱም። «የታሸ ገላ ውሃ ይጠማዋል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ ልጃቸውን ወስዶ ያልመለሰው አብዮት ጠባቂ ወገቡን ታሞ መጣ። እንደ ሌሎቹ አስተኝተው አሹት። ውሃውን ሲያቀርቡለት ግን ፈራቸው፤ እጁን ሰበሰበ። አክስቴ ራሳቸው ተጎነጩለትና መልሰው ዘረጉለት።

«ጠጣ እንጂ፣ ልጄ» አሉት።

ባለፈው ሳምንት፣ ባረፉበት ቀን ጠዋት እግራቸውን አሸሁላቸው። እንደ እሳቸው ቀምሼ ጣሳውን አስጠጋሁ፤ ከንፈራቸው አልተከፈተም። ውሃው እስካሁን አልጋቸው አጠገብ አለ። ልደፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ።