ቁጥር አራት

ሊው ዮክ ኬንግ በማሌዥያዋ ኢፖ ከተማ ቻይንኛ ማስተማር ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ የማዳመጥ ፈተናው ቴፕ ሲከፈት ልጆቹ ቀና ብለው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ የሚያነበው አነጋገሩ እንግዳ የሚሆንባቸው የቤጂንግ ሰው ነውና። ዘንድሮ ግን የትምህርት ቤቱ የፈተና ኮሚቴ ድምፁ የአገር ልጅ እንዲሆን ወሰነ። የኮሚቴው አባል እንደመሆኗ መመዘኛውን ያረቀቀችው እሷ ናት፦ «በዚህ ከተማ ተምሮ ያደገ ሰው እንደሚናገረው፣ ጥርት ያለ።» ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር ቀርቷታል። ያ ድምፅ የእሷ እንዲሆን ከልቧ ተመኘች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ሆና የፈተናውን ምንባብ ስትለማመድ፣ ገበያ ውስጥ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ለስላሳ ቶፉ የምትሸጠው ታናሽ እህቷ ዮክ ሙይ ባልዲዋን እያጠበች ሳቀች።

«ደግሞ ሬዲዮው ተከፈተ!»

«ዝም በይ አንቺ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እትዬ፣ እንዲህ እያወራሽ ቶፉ ብትገዢኝ እኮ እንግዳ መስለሽኝ ዋጋ እጨምርብሽ ነበር።»

ሰኞ ለማንበብ የተወዳደሩት መምህራን የድምፅ ቅጂዎች ስም ሳይጻፍባቸው፣ በቁጥር ብቻ ለኮሚቴው ተሰሙ። ቁጥር አራት ሲጀምር ዮክ ኬንግ የራሷን ድምፅ ለየችው። ሰብሳቢው አቶ ፉንግ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺን ደግሞ ከቤጂንግ ማን አስመጣት?»

ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተደብቃ፣ ሬዲዮ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ምላሷን እንደ ቤጂንግ ሰዎች ወደ ላይ መጠቅለል የተለማመደችበት ጊዜ ትዝ አላት። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ትላት ነበር እናቷ።

መመዘኛውን ደግማ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ቁጥር አራትን ሰረዘች።

«የኔ ነበር» አለች።

«ውይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር! እኔ እኮ…»

«ልክ ነዎት። የቀሩትም ከኔ አይሻሉም፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ሊያነብልን ነው?»

«እህቴ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው እዚሁ ነው።»

ዮክ ሙይ ከነሽርጧ ከገበያ መጣች። ማይክሮፎኑን ስታይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ፣ እንዳንቺ ላሳምረው?»

«ተይ! ደንበኛሽን ‹ስንት ሳህን?› እንደምትዪው አንብቢው።»

ዮክ ኬንግ ወረቀቱን ያዘችላት። ኮሚቴው ቅጂውን እንደ ሌሎቹ በቁጥር ሰማና ያለ ክርክር ተስማማ።

በፈተናው ዕለት ቅጂውን የከፈተችው ዮክ ኬንግ ነች። የእህቷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ቀና ያለ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም አቀርቅረው ይጽፋሉ። መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ ማንም እንደማያያት ስታውቅ፣ ፈገግ አለች።