ለእሁድ ምላጭ ወደ ዳባት

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎንደር

ካሚዮኑ ጨው ጭኖ ፒያሳ ቆሟል። ጋቢናው ውስጥ ተሻምቼ ገብቻለሁ፤ ጉልበቴ ላይ ሳጥን አለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰሞኑን አንድ ግጥም እንኳ ጀምሬ አልጨረስሁም፤ ይህ ሳጥን ካልሞላ እጄ ሌላ ሥራ አይዝም።

ሹፌሩ ቆሎ እየቆረጠመ ምን እንደያዝሁ ጠየቀኝ። ከፈትሁለት። ቀይ ከፋይ ላይ ስድስት ምላጮች ተኝተዋል፤ እጀታቸው የዝሆን ጥርስ ነው፤ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። በየስለቱ ጀርባ የቀን ስም በጣሊያንኛ ተጽፏል፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። የእሁድ ቦታ ባዶ ነው። ሳጥኑን የሸጠልኝ ጣሊያን፣ የዳባት መንገድ ሲሠራ እሁድን ለአንድ ሠራተኛ እንደሰጠ ነግሮኛል። ሠራተኛው አያ መኳንንት እንደሚባሉ፣ ዛሬም ዳባት ሰው እንደሚላጩ የሰማሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

ሹፌሩ አገጬን አየት አደረገ። «ስድስት ምላጭ ይዘህ ፂምህ እንዲህ የሆነው ምነው?»

ለመላጫ እንዳልሆኑ ነገርሁት። እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሳቀብኝ።

ረፋድ፣ አምባ ጊዮርጊስ

ጉም፣ ገብስ፣ ባሕር ዛፍ፣ ብርድ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ምላጭ እንደምፈልግ ሰምቶ አንድ አመጣ። እጀታው ላይ ዘንዶ ተጠምጥሞበታል። በጋቢዬ ጫፍ አሸት አድርጌ አሸተትሁት፤ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። የዝሆን ጥርስ እንዲህ አይሸትም፤ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ብርሃን ሲዞር ቀጫጭን መስመር ያወጣል። ይህ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ማስመሰያ ነው። መለስሁለት።

«ሸጋ አይደለም እንዴ?» አለ ቅር ብሎት።

ሸጋስ ሸጋ ነው አልሁትና ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ካሚዮኑ ሮጥሁ። ሹፌሩ ገና እየበላ ነበር።

ከቀትር በኋላ፣ ዳባት

አያ መኳንንትን ከወይራ ሥር ሐዘንተኞችን ሲላጩ አገኘኋቸው። የሰፈሩ ሽማግሌ ትናንት ተቀብሯል፤ ዘመዶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ተራ ይጠብቃሉ። የወይን ሐረጉን ከሩቅ አየሁት። እጀታው በላብ ቢጫ ሆኗል፣ ስለቱ ከመሳል ብዛት ቀጥኗል። ከእኔዎቹ ሁሉ ያምራል።

ተራው እስኪያልቅ መታገሥ አልቻልሁም። አጠገባቸው ተንበርክኬ ሳጥኑን ከፈትሁ፤ የእሳቸው ምላጭ እሁድ እንደሚል አነበብሁላቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «ሰንበት ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አያ። ይሽጡልኝ።»

አማተቡ። ይህን ሁሉ ዘመን በሰንበት ምላጭ አዘቦት ሲሠሩ ኖረዋል። አጥፈው ሰጡኝ፤ ሒሳብ አልፈለጉም። ሰባት ሞላ። ደስታዬ ግን አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየም፤ ግማሽ ራሱ የተላጨው ሐዘንተኛ ዞር ብሎ «እኔስ?» አለ።

ሁሉም ሳጥኔን አዩ። አያ መኳንንት ጎንበስ ብለው ስድስቱን አስነበቡኝ። ቅዳሜም ሰንበት ነው አሉ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው።

«ዛሬ ማን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያ ማክሰኞን ተውልኝ። ምንም የለበትም።»

ሌላ ምላጭ ከጎንደር እልክልዎታለሁ ልል አፌን ከፈትሁ። ግማሽ ራሱ የተላጨው ሰውዬ ዓይን ዓይኔን ያያል። ማክሰኞን አወጣሁ። መሳያው ቆዳ ላይ ሁለት ሦስቴ ተፋጨና፣ እኔ ዘንድ አንዲት ፀጉር ያልቆረጠ ምላጭ የሰውየውን ራስ ጨረሰ። ሐዘንተኞቹ ሲያልቁ አያ መኳንንት ሳይጠይቁኝ አገጬን ያዙ።

ረቡዕ፣ ማታ፣ ጎንደር

ሹፌሩ ሲመልሰኝ ንጹሕ አገጬን አይቶ «ቀናህ ማለት ነው» አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳጥኑን ከፈትሁ። እሁድ ቦታው ላይ ነው። በሰኞና በረቡዕ መካከል ግን ከፋዩ ባዶውን ይታያል። ዘጋሁ፤ ከፈትሁ፤ ዘጋሁ። ዛሬም ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም ተኝተዋል። ማክሰኞ ብቻ ዳባት ላይ ሥራ ይዟል።